አርባ አንደኛው በርሜል

አሶሳ ወርቅ ጠፍቶባት ያውቃል። በሬም ጠፍቶባት ያውቃል። አንድ ጊዜ የአንድ ሙሉ ግቢ የቀርከሃ አጥር ከነመዝጊያው ተነቅሎ ሲሄድ፣ ዋና ኢንስፔክተር ደባልቄ ይመር ምሳ ሳይደርስ ከነመዝጊያው አስመልሶ ተክሎታል፤ የሚጠራጠር ካለ ወርዶ ይጠይቅ። ግንቦት ሃያ አምስት ቀን ሰኞ ጠዋት የጠፋው ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ይብሳል፤ የጠፋው ጭብጨባ መሀል ነዋ!

የማንጎ ጥላ የገበሬዎች ዩኒየን ግቢ ያን ዕለት ሙሽራ መስሎ ነበር። ከሆሞሻ እስከ መንጌ ያለ የማኅበር ሊቀመንበር ሁሉ ተጠርቷል፤ የተተከለው ድንኳን ዝናብ ቢመጣ ግማሽ አሶሳን ያስጠልላል። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ የዝና መቀሱን አንስታ ሪባኑን ቆረጠች፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ «ሲስተሙ» ያለበት ክፍል ተከፈተ። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። አባሉን፣ ምርጥ ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ማሩንና ሠራተኛውን በአንድ ቋት ያስተዳድራል የተባለለት ሶፍትዌር የሚኖርበት ጥቁር ሳጥን፣ ሰርቨሩ፣ የለም። ገመዶቹ ብቻ ተንጠልጥለዋል። ከኋላ ያሉት ስላላዩ ማጨብጨባቸውን አላቆሙም።

ደባልቄ ሳጅን ሳሌምን አስከትሎ ሲደርስ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ እጁን ዘረጋበት። ዘበኛው ገቢሳ ነው፤ የባምባሲ ሰው፣ ካፖርቱ ከእሱ የሚበልጥ።

«መታወቂያ።»

«እኔን? እኔን ነው መታወቂያ የምትጠይቀው? እኔን የማያውቅ ሌባ እንኳን የለም!»

«ሌባ ያውቅሃል። በሩ አያውቅህም» አለ ገቢሳ። መታወቂያውን ተቀብሎ የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሠራተኛ ባጅ ከሚያድርባቸው ሚስማሮች በአንዱ ሰቀለው። «የእናት ስም?»

«የእናቴን ስም ምን ያደርግልሃል? የምትጽፍበት ደብተርም አላይ።»

«ደብተር የለም አሁን። ልማድ ነው የጠየቀህ።»

ደባልቄ የእናቱን ስም ለዘበኛ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። አልፎት ገባ።

የሲስተሙ ክፍል ቁልፍ አልተሰበረም። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። በሩ በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ተዘግቷል። ደባልቄ ይህን ያወቀው ሌላው መርማሪ መነጽሩን ከማውጣቱ በፊት ነው።

«ሲስተሙን የሠራው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ፣ ቦዔዝ» አለችው የዝና።

ሳሌም ወዲያው ጫማዋን ማየት ጀመረች። ነገሩን ታውቀዋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ቦዔዝ የደባልቄ ጣቢያ ውስጥ የመዝገብ ሲስተም ተክሎ ነበር። በክልሉ ሁለት ደባልቄ ይመር አሉ፤ አንዱ ይኸኛው፣ አንዱ መተከል ያለው። ቦዔዝ «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል» ብሎ አዋሃዳቸው። የዚህኛው ደባልቄ የሃያ ሦስት ዓመት ድል፣ ሦስት መቶ አስራ ሁለት መዝገብ፣ ወደዚያኛው ሄደ። ያኛው በዕድሜው የያዘው ትልቁ ወንጀለኛ የሰው ጓሮ የገቡ ሁለት ፍየሎችን ነው። አሁን ኮማንደር ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ደባልቄ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ቦዔዝን ያላሰረበት ሌሊት የለም፤ ያውም በህልሙ ሁለት ሁለት ካቴና እያጠለቀለት።

«ይህ መዝገብ» አለ ለሳሌም ዝቅ ብሎ፣ «ከእግዚአብሔር የተላከ ነው።»

«ኢንስፔክተር፣ ገና ማንንም አላነጋገርንም።»

«እናነጋግራለን። ግን ልቤ ነግሮኛል።»

ወይዘሮ የዝና ቢሮዋ ውስጥ የቆረጠችውን ሪባን እንደያዘች ነበር።

«መጠርጠር አይደለም፤ አውቃለሁ» አለች። «መዝጋቢዋ ኡምኩልሱም ናት። አርብ ዕለት ስብሰባ ላይ ተነስታ ‘ይህ ሳጥን ሰው በልቷል፣ የበላው ይታነቅበት’ አለች። ሃምሳ ሰው ሰምቷታል።»

«ሲስተሙ ባይከፈት ምን ይጎዳል?»

«ምን ይጎዳል? ዝናቡ እኮ ገብቷል! ምርጥ ዘሩ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። የሚታደለው በሲስተሙ ዝርዝር ነው። በዚህ ሳምንት ካልወጣ የበቆሎ ጊዜ አለፈ፤ ሦስት ሺህ ቤተሰብ ምን ይዘራል?»

«በድሮው መዝገብ ማደል ነዋ።»

የዝና ሪባኑን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «የለም። ሲስተም የሚሳካው የበላይ አመራር ቁርጠኛ ሲሆን ነው ተብለን ሰልጥነናል። ሠራተኛው ወደኋላ እንዳያይ አሮጌውን መዝገብ ሁሉ፣ የመጋዘኑንም፣ የአባላቱንም፣ የበሩን ደብተር ሳይቀር፣ አርብ ሰበሰብነው። ቅዳሜ ድግሱ ለሚሰናዳበት ሰፈር ላክነው።»

«ለምን?»

«ለ... ማቀጣጠያ።»

ደባልቄ ብዙ ነገር ሰምቷል፤ ሃያ ዓመት የተጻፈ ሰው ወጥ ሲበስልበት ግን ሰምቶ አያውቅም። «ወይዘሮ የዝና፣ ከላይ ቁርጠኛ ነበሩ። ከታች ያለውን ጠይቀው ያውቃሉ?»

«ከታች ያለው ለውጥ አይወድም» አለች እሷ፤ ድምጿ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

ቦዔዝ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ጫማው የአሶሳን ቀይ አፈር ያላየ ይመስላል። ደባልቄን ሲያይ አላወቀውም፤ ይህ ደግሞ ቁስሉ ላይ በርበሬ ሆነ።

«ቅጂ የለህም?»

«አለኝ እንጂ። ቅጂ የሌለው ሲስተም ሲስተም አይባልም።»

«የት ነው?»

ቦዔዝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወደ አዲስ አበባ በኢንተርኔት ነበር የምልከው። ኔትዎርኩ ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ ነው። ስለዚህ... ሰርቨሩ ላይ ሰክቼው ነበር።»

«የላሟን ቆዳ ከላሟ ጋር አስቀመጥክ!» ደባልቄ ጠረጴዛውን መታ። ሳሌም ሳቋን ሳል አስመሰለችው። «ቁልፉስ?»

«እኔ ጋ ያለው አንድ ነው። ከባጄ ጋር የታሰረ ነው።» እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። አንገቱ ባዶ ነበር። «ሆቴል... ረስቼው ነው የመጣሁት።»

«እሁድ ዕለት የት ነበርክ?»

«ሆቴል። ተኝቼ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ደክሞኝ።»

ጆሮው ቀላ። ደባልቄ ጆሮ ሲቀላ ማየት ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ውሸታም ጆሮ ከአምስት መቶ ሜትር ይለያል። ይህ ልጅ ዋሽቷል። የደባልቄ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ኡምኩልሱምን የማንጎው ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኟት። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ የለበሰችው ቶብ ብርቱካናማ፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፤ የምትፈራ ሴት አትመስልም።

«ስድብ አይደለም፣ እውነት ነው የተናገርኩ» አለች። «ወላሂ ሳጥን ሰው በላ። ስድስት መቶ አስራ አንድ ሰው።»

«ሳጥን እንዴት ሰው ይበላል፣ እህቴ?»

«አንተ ስማ። መንጌ አልመሕዲ ኸሊፋ አምስት አለ። አምስቱ ሰው ነው። አምስቱ ሚስት አለው፣ ማሳ አለው። እኔ መዝገብ ላይ የሐዋ ልጅ፣ የሲትና ልጅ፣ የዘሃራ ልጅ ብዬ ጻፍኩ። ያ ቦዔዝ መጣ፣ የእናት ስም ቦታ የለም አለ። አምስቱን አየ፣ አንድ ነው አለ፣ አራት ሰረዘ። ዳታ ጸዳ አለ!» መዳፏን በመዳፏ አራገፈች። «ኻላስ፣ አለቀ። አራት ሰው ዘር የለውም። እኔን ጠየቀ? አልጠየቀም።»

ደባልቄ ብዕሩን አስቀመጠ። ሁለት ሰው አንድ ተደርጎ ሲሰረዝ ምን እንደሚያንገበግብ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ፍጡር በዓባይ ተፋሰስ የለም።

«እሁድ የት ነበርሽ?»

«ሆሞሻ። የእህት ልጅ ኒካህ። ሦስት መቶ ሰው አየኝ። ሁሉን ጥራ፣ ሁሉን ጠይቅ፤ የእናት ስም እሰጥሃለሁ።»

ሳሌም ስልኳን አውጥታ ሆሞሻ ደወለችና ራሷን ነቀነቀች። እውነት ነው።

«ሳጥኑን አንቺ ብትወስጂው ኖሮ ምን ታደርጊው ነበር?» አላት ደባልቄ ሲነሳ።

«ምን አደርጋለሁ? እከፍተዋለሁ። ሰዎቹን አወጣለሁ።»

በሩ ላይ ገቢሳ አላፊ አግዳሚውን እየተመለከተ ቆሟል።

«ቅዳሜና እሁድ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ቅዳሜ ሁሉም ወጣ። መጋዘን ያዡ ይገረም ጆንያ ተሸክሞ ወጣ፤ ከባድ ነው፣ ያልበዋል። እሁድ ሰው የለም።»

«ጆንያው ውስጥ ምን አለ?»

«ፈትሽ የሚል የለም አሁን። ካሜራ ይመጣል አሉ።»

ደባልቄ ዳግመኛ አላየውም። ዘበኛ ይጠየቃል፤ ዘበኛ አይመረመርም። ይህ ስህተት መሆኑን ለማወቅ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀበት፤ ለሌላ መርማሪ ዓመት ይፈጅ ነበር።

ይገረም የሰፋሪ ልጅ ነው፤ አባቱ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ፤ የደባልቄም አባት እንደዚያው። ቤቱ ሲፈተሽ ጆንያው አልጋው ሥር ተገኘ። ሳሌም ፈታችው። ወረቀት ነው። የመጋዘን ካርድ፣ በእጅ የተገለበጠ፣ ክምር።

«አቦ፣ አትሰሩኝ!» አለ ይገረም። «ማቃጠያ ሊያደርጉት ስለሆነ ነው። ስልጠናው ግማሽ ቀን ነበር፤ ከግማሹ ግማሹ ሻይ ነው። ሁለት ወር ያህል አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ሲስማሙ አሮጌውን እናስቀምጥ ብዬ ለመንኩ። ‘ወደኋላ የሚጎትት’ አሉኝ። ከመላኩ በፊት ተሯሩጬ ገለበጥኩት፤ እሁድ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ሳስተካክለው ነው የዋልኩት፤ ሚስቴን ጠይቁ፣ ጎረቤቴን ጠይቁ።»

ደባልቄ ከክምሩ ላይ አንዱን መዘዘ። «ማር፣ አርባ አንድ በርሜል» ይላል። ከወይዘሮ የዝና ቢሮ ያነሳው የሲስተሙ የመጨረሻ የመጋዘን ህትመት ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነበር። አወጣው። «ማር፣ አርባ በርሜል» ይላል።

«የቱ ነው ልኩ?»

ይገረም ትከሻውን ሰበቀ። «ኮምፒውተሩ አርባ ካለ አርባ ነው አሉኝ። አንዷን ጥግ ላይ አድርገን ዝም አልን።»

የማር መጋዘኑ ውስጥ ሰማያዊዎቹ በርሜሎች ተደርድረዋል። አርባዎቹ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። ጥግ ላይ ቁጥር የሌለው አንድ አለ፤ ወደ እሱ ደግሞ ጉንዳን ይጓዛል፤ ጉንዳን ሲባል ጥቂት አይደለም፣ ቢቆጠር የአንድ ክፍለ ጦር ያህል። ወለሉ ተጠርጓል፤ ግን ጉንዳንን በጨርቅ ያታለለ የለም።

ደባልቄ የክዳኑን ቀለበት ፈታ፤ እጅጌውን ጠቅልሎ እስከ ክንዱ አስገባ፤ ጎተተ። ጥቁሩ ሳጥን ከማሩ ውስጥ እንደ ጥምቀት ልጅ ወጣ። ማሩ እየተጎተተ ሲወርድ አንድ ነገር አብሮ ወጣ፤ ገመድ ያለው፣ ቁልፍ የታሰረበት ባጅ። ሳሌም በመሀረብ ጠረገችው። የቦዔዝ ፎቶ ፈገግ ብሎ አያቸው።

ደባልቄ ባጁን ወደ ብርሃን አነሳ። ከዚያ ሳቀ፤ ያን ሳቅ ባምባሲ ድረስ የሰሙ አሉ።

«ለምን ማር ውስጥ?» አለች ሳሌም።

«ብልህ ነዋ! ይህ በርሜል ሲስተሙ ውስጥ የለም። የሌለ በርሜል አይጫንም፣ አይሸጥም፣ ማንም አይከፍተውም። የራሱን ስህተት የሠራውን ሳጥን በራሱ ስህተት ውስጥ ደበቀው። ስድስት መቶ አስራ አንድ ሰው መሰረዙ ዛሬ ሊጋለጥ ነበር።»

«ባጁንስ ለምን አብሮ ጣለው?»

«ሳጅን፣ በደስታ ቀኔ ጥያቄ አታብዢብኝ።»

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ቦዔዝ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት፣ በድንኳኑ መሀል፣ ካቴና ገባለት። ደባልቄ መንገዱን አሳጥሮ በጓሮ በር ሊያወጣው ይችል ነበር። አላሳጠረም።

«አሁንስ አወቅኸኝ?» አለው ጆሮው ሥር። «ደባልቄ ይመር እባላለሁ። የትኛው እንደሆንኩ ራስህ ለይ።»

ማክሰኞ ጠዋት ቦዔዝ ከማረፊያ ክፍል ሲወጣ ጫማው ቀይ ሆኗል።

«እሁድ ሆቴል አልነበርኩም» አለ። «መንጌ ነበርኩ። ለቀለበት... ከወርቅ አጣቢዎቹ ወርቅ ልገዛ። እንደማይፈቀድ ስለማውቅ ነው የዋሸሁት። ባጁም ሆቴል አልነበረም፤ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ስጠይቅ የለም ተባልኩ። በምረቃው ቀን ቁልፍ ጠፋብኝ ማለት አፍሬ ነው። ሌላ ቁልፍ ወይዘሮ የዝና ካዝና ውስጥ ነበር፤ እሷ በዚያ ከፈተችው።»

«ቆንጆ ተረት ነው። ቀጥል።»

ሳሌም ግን አልሳቀችም። ወጥታ ስልክ ደወለች። ስትመለስ ፊቷ ልክ እንደ ሐኪም ፊት ነበር። ደባልቄን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው።

«ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ከሆቴሉ አልወጣም፤ የሆቴሉ ዘበኛ መስክሯል። እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አስራ ሁለት መንጌ ነበር። የሚኒባሱ ሾፌርም፣ ወርቅ የሸጡለት ሴቶችም፣ ምሳ የበላበት ቤትም መስክረዋል። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ ሲሄድ ልጆች ሁሉ ስቀውበታል፤ የሚረሳ ሰው አይደለም።»

ደባልቄ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ማን ሰማሽ?»

«እርስዎ።»

«ሌላ?»

«ኢንስፔክተር!»

«ዝም ብንልስ? ሁለት ሳምንት። አንድ ሳምንት። ይቅመሳት! እኔን ሃያ ሦስት ዓመቴን ሲሰርዝ ማን ስልክ ደወለልኝ?»

ሳሌም ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ቂም ይዞ ምርመራስ?» ብላ ሄደች።

ደባልቄ ቢሮው ገብቶ ለመውጣት ተነሳ፤ መታወቂያውን ለማንሳት ኪሱን ዳሰሰ። የለም። ሌላውን ኪስ ዳሰሰ። መሳቢያውን ገለበጠ። ከዚያ ትናንት በድል ስካር ቦዔዝን እየጎተተ ሲወጣ መታወቂያውን እዚያው ጥሎት እንደሄደ ትዝ አለው። ሚስማር ላይ።

ሚስማር።

ወደዚያ ግቢ የሚገባ እንግዳ መታወቂያውን ይሰቅላል። የሚወጣ ሠራተኛስ? ባጁን ይሰቅላል። ቦዔዝም ቅዳሜ ሲወጣ ሰቅሏል፤ ከነቁልፉ። ይገረምም የመጋዘኑን ቁልፍ እዚያው ያሳድራል። ቁልፉ የቦዔዝ ነው ማለት ልክ ነው፤ ከቅዳሜ ምሽት እስከ ሰኞ ጠዋት ግን የሁለቱም ቁልፍ አንድ ግድግዳ ላይ ነበር።

ደባልቄ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ጣቢያው ተንቀጠቀጠ ቢባል አይበዛም።

ገቢሳ መታወቂያውን አዘጋጅቶ ጠበቀው። «ረሳህ።»

ደባልቄ አልተቀበለውም። ወደ ጥበቃ ቤቱ ገባ፤ ከአግዳሚው ሥር ቢጫ ጀሪካን አየ፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ማር። ሙሉ በርሜል ውስጥ ሳጥን ሲገባ ማሩ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ይህን ትናንት ማሰብ ነበረበት፤ ቂም ዓይን የለውም።

«ጋሽ ገቢሳ፣ ይህ ማር የማን ነው?»

«የአልመሕዲ ኸሊፋ። የሲትና ልጅ፣ ከመንጌ። ተቀድቶ የተቀመጠ ነው፤ አልቀመስኩም። እኔ ሌባ አይደለሁም።»

«ምንድን ነህ ታዲያ?»

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ካፖርቱን አስተካከለ።

«አስራ ስምንት ዓመት በዚህ በር የገባ ሁሉ ደብተሬ ላይ አለ። የሰው ስም፣ የእናት ስም፣ የያዘው ዕቃ። አስራ ስምንት ደብተር። ኡምኩልሱም መዝገብ ሲጠፋባት ከኔ ትጠይቃለች፤ ይገረም ቁጥር ሲሳሳት ከኔ ይጠይቃል። ባለፈው ወር የሲትና ልጅ ማር አመጣ። ኮምፒውተር ‘አልመሕዲ አስቀድሞ አስገብቷል’ አለ፤ ያስገባው የሐዋ ልጅ ነው። እኔ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ፤ ይኸው አየሁ፣ ጻፍኩ አልኩ። ቦዔዝ በሰው ፊት ‘የዘበኛ ደብተር ዳታ አይደለም’ አለኝ። የሲትና ልጅ ያለ ደረሰኝ አልቅሶ ሄደ። አርብ ዕለት ደግሞ ደብተሮቼን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። ወጥ ተሠራባቸው።» ቀና አለ። «እሱ የኔን እሳት ውስጥ ከተተ፤ እኔ የሱን ማር ውስጥ። ማን ይሻላል?»

«ባጁንስ?»

«እንዲታሰር ነዋ! አንተም አሰርከው። ሲወጣ አይቼ» ፊቱ ላይ ፈገግታ ሰፋ፣ «እንዲህ ያለ ቀን ከተወለድኩ አላየሁም።»

«እኔም» አለ ደባልቄ፤ ሳያስበው አመለጠው።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ደባልቄ ያን ዝናብ ሰማ፤ ዘር የሌላቸው ስድስት መቶ አስራ አንድ ሰዎችም ያን ሰዓት እየሰሙት ነው። ቦዔዝን ቢያስበሰብሰው አንጀቱ ይርሳል፤ ማሳው ግን ባዶውን ይቀራል።

«ይህን ለማንም አልናገርም ብልህስ?» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ይታሰር፣ አንተ በርህ ላይ ቁም።»

«ታዲያ የኔ በቀል የሱ ወንጀል ሊሆን ነው?» ገቢሳ ግንባሩን አጨማደደ። «አይሆንም። ትንሽ ይቅመስ ብዬ ነው እንጂ። ስንት ቀን ልታስረው ትችላለህ?»

«ፍርድ ቤት ሳላቀርበው አርባ ስምንት ሰዓት። ነገ አስር ሰዓት ይሞላል።»

«እስከዚያ እንጠቀምበት።»

ደባልቄ ጢሙን ዳሰሰ። ከአሶሳ እስከ ካርቱም እንዲህ ያለ ሐሳብ የፈለቀለት ፖሊስ የለም፤ ሐሳቡ የዘበኛው መሆኑ ምንም ማለት አይደለም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በጣቢያው በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ወጣ። ቦዔዝ ላፕቶፑ ተሰጠው። በቀኙ ኡምኩልሱም፣ በግራው ይገረም ከነጆንያው፣ ፊት ለፊቱ ገቢሳ ተቀመጡ። ሰርቨሩ ተፈትቶ ውስጡ ሲታይ ዲስኩ ታሽጎ ስለነበር ማር አልገባበትም፤ ዝርዝሩ ተረፈ፤ ግን የተረፈው የተሳሳተው ዝርዝር ነው።

«ምን ላድርግ?» አለ ቦዔዝ።

«ጠይቅ» አለው ደባልቄ። «ያላደረግከው እሱን ብቻ ነው። እነዚህን ሦስት ሰዎች ጠይቅ። ስድስት መቶ አስራ አንዱን አንድ በአንድ እስክታስነሳ ከዚህ ወንበር አትነሳም።»

«እኔ እኮ ተጠርጣሪ ነኝ፤ ይህ ሕጋዊ ነው?»

«ወደ ማረፊያ ክፍሉ መመለስም ሕጋዊ ነው። እዚያ ዛሬ ሁለት ሰካራም ገብቷል። ምረጥ።»

ቦዔዝ መረጠ። መጀመሪያ የእናት ስም የሚገባበት ቦታ ሠራ፤ አስር ደቂቃ ፈጀበት። ለሦስት ወር «አይቻልም» ያለው ነገር ነው። ኡምኩልሱም ትጠራለች፤ ይገረም ካርዱን ያስተያያል፤ ሁለቱ ሲጠራጠሩ ገቢሳ ዓይኑን ይጨፍናል።

«አብዱራሂም ሙሳ ሁለት ነው ወይስ ሦስት?»

«ሦስት» ይላል ገቢሳ። «አንዱ የአሻ ልጅ፣ ያነክሳል። አንዱ የዘይነባ፣ ቀይ አህያ አለው። ሦስተኛው የሐሊማ፣ ጠጪ ነው።»

«ደብተሩ ተቃጥሎ እንዴት አስታወስክ?» አለው ቦዔዝ።

«ወረቀቱ ተቃጠለ እንጂ እኔ ተቃጠልኩ?»

ቦዔዝ አንገቱን ደፋ። ማታ ድረስ ቀና አላለም። ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ የዝና ራሷ መጥታ ከኡምኩልሱም አጠገብ ቆማ ስም ጠራች፤ ሪባን አልያዘችም። አምስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው የምርጥ ዘር መኪና ወደ መንጌ ወጣ። ጭብጨባ አልነበረም። ይገረም በእጁ ጻፈ፤ ቦዔዝ በላፕቶፑ ጻፈ፤ ሲያስተያዩት አንድ ሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦዔዝ ላፕቶፑን ሳይዘጋ ዞረ። የጣቢያውን ሲስተም ከፍቷል።

«ኢንስፔክተር» አለ፣ ድምጹ ቀጥኖ፣ «የእናትዎ ስም ማነው?»

ደባልቄ ወደ ጣቢያው ግቢ ዞሮ እዚያ ያለውን የማንጎ ዛፍ ተመለከተ። ዓይኑ ውስጥ የገባው ጉንዳን መሆን አለበት።

«አንጓች» አለ። «አንጓች ብለህ ጻፍ። በትልቁ ጻፍ።»

ሦስት መቶ አስራ ሁለት መዝገብ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የመተከሉ ኮማንደር ከሁለቱ ፍየሎቹ ጋር ቀረ። ደባልቄ ይህን ሲያይ የተሰማውን ለመናገር የአማርኛ ቃል አይበቃም።

አስር ሰዓት ሞላ። ቦዔዝ ተለቀቀ። ገቢሳ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ካፖርቱን አውልቆ አጣጥፎ ለኡምኩልሱም ሰጣት፤ ሁለት እጁን አጣምሮ ወደ ደባልቄ ዘረጋ። የቦዔዝ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ገቢሳ። «ደስ ብሎኝ ነው ያደረግኩት። ዳታ ይሁን አይሁን አንተ ወስን።»

«ያ መስኪን» አለች ኡምኩልሱም፤ ካፖርቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ደባልቄ ካቴናውን በቀስታ አጠለቀለት፤ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ እጁ የከበደው ያን ቀን ብቻ ነው። ሳሌም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ መተየብ ጀመረች።

«ስም?»

«ገቢሳ ዋቅጅራ።»

«ኧረ ቆይ፣ እዚህ አንድ ገቢሳ ዋቅጅራ—»

«አውቃለሁ!» ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። «ባምባሲ ሦስት ገቢሳ ዋቅጅራ አለ። አንዱ ዘማሪ ነው። አንዱ ፈሪ ነው፣ ዶሮ እንኳን አያርድም። እኔ የሶሬቲ ልጅ ነኝ። ሶሬቲ ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ። አንተም፣ ኢንስፔክተር፣ ቆመህ እይልኝ። በቀሌን ለሌላ ገቢሳ እንዳትሰጡብኝ።»

ደባልቄ ቆሞ አየለት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ስላላመነ ብዕር አውጥቶ በወረቀትም ጻፈው።